ገላነሽ ያልጠጣችው ብርጭቆ

ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም.
ቁሐር ሚካኤል፣ ፎገራ

ለተከበሩ አቶ በላይነህ
የ«ለምለም ማጀት» ፕሮጀክት አስተባባሪ
ወረታ

ጉዳዩ፦ ባለቤቴ ወይዘሮ ገላነሽ ልምድ እንድታካፍል ስለ መጥራትዎ የተሰጠ መልስ

የተከበሩ አቶ በላይነህ ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደ ምን ሰንብቷል? ይህ ክረምት የቢሮዎን ጣራ እንዳላፈሰሰብዎ፣ መኪናዎን ጭቃ እንዳልያዘብዎ፣ ካልሲዎ እንዳልረጠበ፣ ከሁሉም በላይ ጉሮሮዎ የቀረበለትን ሁሉ ያለ ችግር እንደሚያሳልፍ ተስፋየ ጽኑ ነው። እኛ በፈጣሪ ቸርነት አለን። አለን ስልዎ እኔ አለሁ፣ ገላነሽም እስከ ዛሬ ጧት ድረስ አለች።

እኔ አድማሴ ይሄይስ እባላለሁ። ሰባ ስምንት ዓመቴ ነው። ፊደል አልቆጠርሁም፤ ይህንን ቃሌን የሚጽፍልኝ ወረታ መገንጠያው አጠገብ ጃንጥላ ዘርግቶ ማመልከቻ የሚጽፈው አቶ አያልነህ ነው። አያልነህ በየመስመሩ «በታላቅ ትሕትና» የምትል ቃል ካልሰካሁ ይላል። አንድ ጊዜ ጻፋትና ይብቃት አልሁት። እንግዲህ በታላቅ ትሕትና፤ ይኸው ተጻፈች።

ደብዳቤውን በግልጽ ያደረግሁት ቢሮዎን ንቄ አይደለም። ሦስት ጊዜ ከደጅዎ መጥቸ ሦስቱንም ጊዜ ስብሰባ ላይ ናቸው ተብየ ተመልሻለሁ። ሰው እንዲህ ሲበዛበት ደብዳቤ ለብቻው እንዲያነብ መጠየቅ ነውር ነው፤ ስለዚህ አገር ሁሉ ያግዝዎ ብየ ነው።

ወደ ጉዳዩ ልግባ። ጥሪዎ ባለፈው ቅዳሜ ደረሰኝ። ማኅተሙ ያማረ፣ ወረቀቱም ወፍራም ነው። የቀበሌያችን ሊቀ መንበር ቆሞ አነበበልኝ። «ሞዴል የቤት እመቤት ወይዘሮ ገላነሽ፣ አረንጓዴ ጭማቂን በቤቷ ዘወትር በማዘጋጀት ላስመዘገበችው የላቀ ውጤት፣ መስከረም 10 ቀን በሚከበረው የአረንጓዴ ጭማቂ ቀን ተገኝታ በእንግዶች ፊት ልምዷን እንድታካፍል» ይላል። እንደገና አንብብልኝ አልሁት። በመጀመሪያው ሳቅሁ። በሁለተኛው ተነስቸ ወደ በሬዎቹ ሄድሁ።

ገላነሽ መምጣት የማትችልበትን ምክንያት አያልነህ በቁጥር በቁጥር ተናገር ስላለኝ በቁጥር አቀርባለሁ። ቢሮ ቁጥር ይወዳል አሉ።

አንደኛ፣ ምስጋና ነው። ባለፈው ጥቅምት ገላነሽን እንጀራ አልወርድ አላት። ጨጓራ ነው አልን፤ አልነበረም። ሐኪሙ በጉሮሮዋ ቀጭን ነገር አስገብቶ አየና፣ በዚህ ዕድሜዋ ቢላ አትችልም፣ ከእንግዲህ የሚጠጣ ብቻ ስጧት ብሎ ሰደደን። ወተት እንዳልሰጣት ጾሙ ይበዛል፤ እሷ ደግሞ ጾም የምትሽር ሴት አይደለችም። በአጥሚት ከረምን። የትከሻዋ አጥንት በቀሚሷ ላይ እንደ ቀንበር ታየ።

በግንቦት የእናንተ ሰዎች መጡ። እየሩስ የምትባል አሰልጣኝ መፍጫ ማሽን ይዛ ከቤታችን ገባችና ጎመኑን በጥሬው፣ ድስት ሳያይ፣ ከአቮካዶና ከዝንጅብል ጋር ፈጭታ ሎሚ ጨመቀችበት። እኔም ልጀ፣ ይኸ እኮ ለላም የሚደረግ ነው አልኋት። እሷም ቀና ሳትል፣ አባባ፣ ላምዎ ከእርስዎ ይልቅ ያማረባት ለዚህ ይሆናላ አለችኝ። ሴት ልጅ እንዲህ ስትመልስልኝ ደስ ይለኛል። ቀመስሁት፤ የዝናብ ሣር ሣር ይላል። ገላነሽ ግን ብርጭቆውን በሁለት እጇ ይዛ ጠጣች፣ ወረደላት፣ ከላይ ከንፈሯ ላይ አረንጓዴ ጢም አበጀች። ከሰባት ወር በኋላ ያን ቀን ጠግቤአለሁ አለች። ትታልን በሄደችው በዚያች ማሽን መብራት በመጣ ቁጥር እየፈጨን፣ ሰኔ ሚካኤልን በእግሯ ሄዳ፣ ቆማ አስቀደሰች።

አቶ በላይነህ፣ ስለዚህ አመሰግናለሁ። ይህች ምስጋና የእውነት ናት፤ ከዚህ በታች ካሉት ጋር እንዳትደባለቅብዎ።

ሁለተኛ፣ ስለ ፎቶው። በሰኔ አጋማሽ፣ ረቡዕ ቀን፣ ከጧቱ ሦስት ሰዓት ላይ ከፎቶ አንሺ ጋር መጡልን። መብራት አልነበረም። እርስዎ ግን በዚህ አልተበሳጩም፤ ብልህ ሰው ነዎት። ከወረታ አስፈጭተው ያመጡትን ጭማቂ ከመኪናው አስወጡና ከራስዎ ብርጭቆ ቀዱት። መፍጫውን ከፊቷ አስቀመጡ፣ ገመዱንም የትም እንደማይሄድ እንዳይታይ ከጀርባዋ ሸሸጉት። ብርጭቆውን አስያዟት። እናቴ፣ ትንሽ ፈገግ በይ አሏት። እናቴ ስላሏት ፈገግ አለች።

ፎቶው ሲያልቅ ገላነሽ አስቀምጡልኝ፣ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን እጠጣዋለሁ አለች። የሰኔ ጾም ነበር። የንስሐ አባታችን በሽተኛ ነሽ፣ ፈትቸሻለሁ ቢሏት፣ አባቴ፣ እርስዎ ፈቱኝ እንጅ እኔ ራሴን አልፈታሁም ብላ የመለሰች ሴት ናት፤ ለእርስዎ ካሜራ ስትል ጾሟን አትፈታም። እርስዎም እስከ ዘጠኝ ሰዓት በዚህ ሙቀት ይበላሻል፣ ብርጭቆውም የቢሮ ንብረት ነው አሉ። ከእጇ ተቀበሉና እዚያው ቆመው ጠጡት። በአንድ ትንፋሽ ነበር። ጉሮሮዎ ጤነኛ መሆኑን ያወቅሁት ያን ቀን ነው።

ንብረት ስለሚያስጠብቁልን እናመሰግናለን።

ሦስተኛ፣ ስለ ሶላሩ። መፍጫውን የሚያዞረው ሶላር በሁለት ሳምንት ውስጥ ይመጣል ብለው በቀበሌው ሰው ሁሉ ፊት ተናግረዋል። ሁለት ሳምንት ስንት ቀን እንደ ሆነ የማውቅ ይመስለኝ ነበር፤ አለመማር ክፉ ነው። በሐምሌ ውሃው ሜዳውን ሞላው፣ የመብራቱም ምሰሶ ሩዙ ውስጥ ጋደም አለ። እስከ ዛሬ እዚያው ተኝቷል። ወፍ ያርፍበታል። ማሽኑን ገላነሽ በነጠላዋ ሸፍናዋለች፤ አደራ ነው፣ አቧራ አይንካው ትላለች። ነጠላውን ለእሷ ልደርብላት ብል እምቢ አለችኝ።

አራተኛ፣ ወረታ ላይ ጁስ ቤት ያላት ከውሰር የምትባል ሴት አለች፤ ፕሮጀክት የላትም። ምሰሶው ከወደቀ በኋላ ጎመኔን በከረጢት ይዠ ወደሷ መመላለስ ጀመርሁ። ከውሰር የኔን ጎመን ከመፍጨቷ በፊት ማሽኗን ሁለት ጊዜ በፈላ ውሃ ታጥበዋለች። ለምን ይኸን ያህል ትደክሚያለሽ ብላት፣ አባባ፣ ጧት የፈጨሁበት አቮካዶ ወተት ነበረው፣ እማማ ጾመኛ ናቸው፣ በኔ እጅ እንዲፈታባቸው ነው ወይ አለችኝ። እስላም ናት። የገላነሽን ጾም የጠበቀች እሷ ናት፤ ይህንን የምነግርዎ ለሪፖርትዎ ይጠቅም እንደ ሆነ ብየ ነው።

ታዲያ ምን ያደርጋል፣ ከወረታ እስከ ቤቴ ያለው ውሃ በኔ ጉልበት የሚቸኩሉበት አይደለም። ጠርሙሱን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልየ፣ ጉልበቴ ድረስ እየጠለቅሁ ስደርስ ጭማቂው ጠቁሯል፣ ውሃው ለብቻው ቅጠሉ ለብቻው ሆኗል። ገላነሽ ይዠው የመጣሁበትን መንገድ ስለምታውቅ ጥሩ ነው ብላ ትጠጣለች። ትንሽ ቆይቶ ጉሮሮዋ ይመልሰዋል። ከዚያ እኔን ይቅርታ ትጠይቀኛለች።

አምስተኛውን ስናገር አያልነህ ብዕሩን አስቀምጦ ይህንን እንኳ ባናወጣው አለኝ። ጻፍ አልሁት።

ከቤታችን የድሮ ወፍጮ አለ፤ ድንጋዩና መጁ። የሞተር ወፍጮ ከመጣ ወዲህ ጨውና አብሽ ካልሆነ የሚፈጭበት የለም። በዚህ አገር ወንድ ልጅ ከወፍጮ ሥር አይንበረከክም። ቢርበውም አይንበረከክም። እኔ አድማሴ፣ ጠመንጃ ይዠ የዞርሁ፣ ከእድሩ ሸንጎ ቃሌ ሳይሰማ ተነስቸ የማላውቅ ሰው፣ በፍልሰታ ሁለተኛ ሳምንት ዘጠኝ ሰዓት ላይ በሩን ዘጋሁና ተንበረከክሁ።

ጎመን በድንጋይ ሲፈጭ እንዴት እንደሚሆን አያውቁም፤ ልንገርዎ። ይሸሻል። እህል እሽ ብሎ ይደቅቃል፣ ቅጠል ግን ከመጁ ሥር እየሾለከ ይጠቀለላል፣ እንደገና ይሰበስቡታል፣ እንደገና ይሸሻል። ውሃው በጣት መካከል ይፈሳል። በነጭ ጨርቅ ጨምቄ ሳበቃ ግማሽ ብርጭቆ ወጣኝ። ፀሐይ ልትጠልቅ ነበር። ገላነሽ ከአልጋዋ ሆና እያየችኝ ነበር፤ ሃምሳ ሦስት ዓመት አብራኝ ኖራ እንደዚያ ቀን አይታኝ አታውቅም። አልሳቀችብኝም። መጁን ወደ ፊት ስትገፋ ትንፋሽህን አትያዝ፣ ድካም ነው ብቻ አለችኝ።

በሦስተኛው ቀን ትሁን የምትባል ጎረቤታችን የወፍጮ ድምፅ ሰምታ ከደጅ ቆመች። ገላነሽ፣ እንግዳ ሴት መጣችልሽ ወይ ብላ ተጣራች። እኔ መጁን ይዠ ደረቅሁ። ገላነሽ በዚያች በቀጠነች ድምጿ፣ አዎ እህቴ፣ የባሌ ዘመድ ናት፣ ባላገር ናት፣ ሰው ስታይ ታፍራለችና አትግቢባት አለቻት። ትሁንም፣ ታዲያ ጎበዝ ናት፣ ከጠዋት እስከ ማታ ትፈጫለች ብላ መርቃኝ ሄደች።

ይኸው ትሁን፣ ዘመዲቱ እኔ ነኝ። ምርቃትሽ ደርሶኛል።

ሥራው ግን ከንቱ ነው። ድንጋይ እንደ ማሽን አያደቅም። ጭረቱ ይቀራል፣ ጭረቱ ጉሮሮዋን ይይዘዋል፣ ያስላታል፣ አንዴ ከሳለች ቀኑን ሙሉ ሌላ አትሞክርም። ጎመኑም ከውሃው የተረፈው ሦስት እግር ነበር፤ አሁን አንድ ነው። በግንቦት ሁለት ብርጭቆ ትጠጣ የነበረች ሴት ዛሬ ሦስት ጉንጭ ትጠጣለች። ጉንጩን የምቆጥረው እኔ ነኝ። ትናንት ሁለት ነበር።

ስድስተኛ፣ እንግዲህ ይህ ሁሉ ሆኖ ሳለ የላቀ ውጤት ያላችሁት ከወዴት መጣ ብየ ብዙ አሰብሁ። ደረስሁበት። በነሐሴ መጨረሻ ከእናንተ ዘንድ አንዲት ባለሙያ ቅጽ ይዛ፣ በውሃው ውስጥ ጫማዋን በእጇ አንጠልጥላ መጣች። ገላነሽ ተደግፋ ተቀመጠች። ባለሙያዋ በሳምንት ስንት ቀን ጭማቂ ትጠጫለሽ አለቻት። ገላነሽ በየቀኑ አለች። ማሽኑ ተስማምቶሻል ወይ? እግዜር ይስጣችሁ፣ እንደ ልጄ ነው የምይዘው አለች። ነጠላውን ገልጣም አሳየቻት። ባለሙያዋ «በንጽሕና ተይዟል» ብላ ጻፈች። የጎደለ ነገር አለ ወይ? ምንም፣ ምንም የጎደለ የለም፤ አንቺ ብቻ ውሃው ሳይጨምር በጊዜ ግቢ አለቻት።

እኛ እንዲህ ነን፣ አቶ በላይነህ። የሰጠን ሰው ሲጠይቀን ስጦታህ አልሠራም ብሎ ፊት ለፊት ማሳፈር በኛ ቤት አልተለመደም፤ ያውም ጭቃ ረግጦ የመጣን እንግዳ። እኔም አጠገቧ ቆሜ ነበር። ሚስትን በእንግዳ ፊት ዋሸሽ አይሏትም፤ ዝም አልሁ። እዚህ ላይ ጥፋቱ የኔም ነው፤ ይመዝገብ። እናንተ ግን አንዲት ምስኪን ለእንግዳ ያወጣችውን ጨዋነት ውጤት ብላችሁ ስማችሁን ጻፋችሁበት። ከፊታችሁ የተቀመጠችውን ሴት ክብደት ለማወቅ ቅጽ አያስፈልግም ነበር፤ ገላነሽ ስትነሳ ባለሙያዋ ደግፋ ብታነሳት ኖሮ ታውቀው ነበር።

ሰባተኛ የለኝም። አያልነህ ጥያቄህስ ምንድን ነው፣ ማመልከቻ ያለ ጥያቄ አያልቅም ይለኛል።

ሶላሩን አልጠይቅም። ምሰሶውንም ወፎቹ ለምደውታል። ውሃው በጥቅምት ይሸሻል፣ መብራቱም ምናልባት በኅዳር ይመጣል፣ ሶላሩም በእናንተ ሁለት ሳምንት አንድ ቀን ይደርሳል። ገላነሽ ግን ኅዳርን የምታይ አይመስለኝም። ይህንን ለእሷ አልነገርኋትም፤ እሷም ለኔ አልነገረችኝም። ከትናንት ወዲያ ብቻ፣ መጁን ሳነሳ፣ አድማሴ፣ ይብቃህ፣ ጉልበትህን ለአዝመራው አቆየው አለችኝ። አልሰማሁም ብየ ፈጨሁ።

ስለ ጥሪዎ ግን መልስ ይገባዎታል። ልምድ ማካፈል ከሆነ የተፈለገው ልምዱ ያለው እኔ ዘንድ ነው። መስከረም 10 ቀን ወፍጮውን በአህያ ጭኘ እመጣለሁ። ወንበር አያዘጋጁልኝ፤ ሥራው በጉልበት ነው። የድምፅ ማጉያም አልፈልግም። ሴቶቹ በቀኝ፣ ወንዶቹ በግራ ይቀመጡ፣ እርስዎም ከፊት ይሁኑ፤ አንድ ሽማግሌ በአደባባይ ተንበርክኮ ጎመን ሲፈጭ ይዩ። ስጨርስ ግማሽ ብርጭቆውን ለእርስዎ አቀርባለሁ፤ እርስዎ ዘጠኝ ሰዓት አይጠብቁም።

አንድ ነገር ብቻ አደራ፦ በመርሐ ግብሩ መጀመሪያ ላይ ያድርጉኝ። ገላነሽ ካለች ለዘጠኝ ሰዓት መድረስ አለብኝ። ከሌለች ደግሞ አትጠብቁኝ።

ዘመንዎ የተባረከ፣ ስብሰባዎ የሰመረ፣ ጉሮሮዎ የሰፋ ይሁን እያልሁ፣ ከቢሮዎ ደጅ ሦስት ጊዜ ቆሞ የተመለሰው፣ በእርስዎ መዝገብ የሞዴል ሴት ባል፣ በመንደሩ ደግሞ ከዛሬ ጀምሮ ፈጭታ አዳሪ ተብየ የምጠራው፣ አክባሪዎ

አድማሴ ይሄይስ

ፊርማ ስለማልችል አውራ ጣቴን አትሜአለሁ። አያልነህ ቀለሙ ሰማያዊ ነው ይላል። ዳር ዳሩ አረንጓዴ ቢመስልዎ አይገረሙ፣ ታጥቦ አልለቀቀም።

ግልባጭ፦
ለከውሰር ጁስ ቤት፣ ወረታ፣ ሰው ሁሉ በሚያየው ግድግዳ ላይ እንዲለጠፍ
ለቁሐር ሚካኤል እድር፣ ድንኳኑን ለማንም እንዳያከራዩ

ከጣት አሻራው በኋላ የታሰበ፦ ያን ቀን የተነሳችው ፎቶ ትልቅ ሆና ከቢሮዎ መግቢያ ተሰቅላለች አሉ፤ አያልነህ አይቷታል፤ ታምራለች ይላል። ገላነሽ ሌላ ፎቶ የላትም። የመታወቂያዋም ውሃ ገብቶበት ፊቷ ጠፍቷል። ለለቅሶ ቤት ፎቶ ያስፈልጋልና፣ ጊዜውም ሩቅ አይመስለኝምና፣ እባክዎን ይላኩልኝ። ብርጭቆውን ከእጇ ቆርጠው ያስቀሩት፤ የቢሮ ንብረት ነው።